«ታን» ብቻ ይል የነበረው ሰው

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ታሪክ ላጫውታችሁ።

ፓሪስ አጠገብ፣ ቢሴትር ሆስፒታል፣ ሌቦርኝ የሚባል ሰው 21 ዓመት ተኝቷል። የሚሉትን ይረዳል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን «ታን፣ ታን» ብቻ! እ.ኤ.አ. በ1861 ሲሞት ሐኪሙ ፖል ብሮካ አንጎሉን መረመረው። ግራው ክፍል ከፊት በኩል ተጎድቶ አገኘው። ሰውየው ያጣው ንግግሩን እንጂ አእምሮውን አልነበረም።

ከ80 ዓመት በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ሶቪየታዊው አሌክሳንደር ሉሪያ ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን ኡራል አካባቢ ተቀብሎ ንግግርና ጽሕፈት እንደ አዲስ ያስለምድ ነበር። ዋናው መሣሪያው ልምምድ ነው።

ዛሬ ያ ልምምድ ቤት ተቀምጦ በስልክ ቪዲዮም ይሰጣል። ስለዚህ በስትሮክ አንደበቱ የተያዘ ዘመድ ካላችሁ «አይሰማም» ብላችሁ እፊቱ አትሙት። ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ጠብቁት።