ማዕበል ሲመጣ ማንን እንስማ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። እሳቱ መምጣቱን ማን እንደሚነግረን ግን አይናገርም። ሰው ደግሞ ወሬውን ከመስማቱ በፊት ወሬ ነጋሪውን ያያል። ሃሪኬን ስለሚባለው አውሎ ነፋስ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ይኸው ነው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ጋልቬስተንን እንውሰድ። ቴክሳስ ውስጥ በአሸዋ ደሴት ላይ የተሠራች የወደብ ከተማ ናት። በ1900 ወደ 38 ሺህ ሰው ይኖርባት ነበር። የጥጥ ንግድ አበልጽጓታል። ጉዷ ግን ከፍተኛው ቦታዋ እንኳ ከባሕር በላይ 3 ሜትር አለመሙላቱ ነው። በዚያው ዳርቻ የነበረችው ኢንዲያኖላ በ1875 እና በ1886 በአውሎ ነፋስ ተመትታ ነዋሪዋ ጥሏት ሄዷል። ጋልቬስተኖች ይህን አይተው «የባሕር ግንብ እንሥራ» ተባባሉ፤ አልሠሩም። በ1891 የከተማዋ የአየር ትንበያ ኃላፊ አይዛክ ክላይን «ማዕበል ጋልቬስተንን ክፉኛ ይጎዳል ብሎ መስጋት ከንቱ ቅዠት ነው» የሚል ሐሳብ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ባለሙያ ነውና ታመነ።

በሌላ በኩል ኩባ ውስጥ ሙያው የገባቸው ሰዎች ነበሩ። ቤኒቶ ቪኜስ የተባሉ የጀስዊት ቄስ ሃቫና ላይ ሆነው ደመናውንና የአየሩን ግፊት እየተከታተሉ፣ ከ1875 ጀምሮ ማዕበል ሳይደርስ ያስጠነቅቁ ነበር። እሳቸው በ1893 ቢያርፉም ሙያው አልሞተም። ታዲያ ምን ያደርጋል! በ1898 ጦርነት አሜሪካ ስፔንን አሸንፋ ኩባን ይዛ ነበር። የዋሽንግተኑ የአየር ትንበያ ቢሮ የኩባ ባለሙያዎችን «ሕዝብ አስፈራሪዎች» ብሎ ናቃቸው። በ1900 ክረምት ማብቂያ ላይ ጭራሽ ትንበያቸው በቴሌግራፍ እንዳይተላለፍ አሳገደ። ማዕበሉ ኩባን ሲያልፍ ሃቫና ወደ ቴክሳስ እየሄደ ነው አለች። ዋሽንግተን ደግሞ በፍሎሪዳ በኩል ይታጠፋል አለች።

ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 ደረሰ። በእኛ ጳጉሜ 3 ቀን 1892 መሆኑ ነው። እዚህ ሰው የሩፋኤልን ዝናብ በረከት ነው ብሎ በሚጠመቅበት ዕለት፣ እዚያ ባሕሩ ከ4 ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ብሎ ደሴቷን ዋጣት። ሟቹ 8 ሺህ ያህል ነው፤ እስከ 12 ሺህ የሚያደርሱትም አሉ። በአሜሪካ ታሪክ ብዙ ሰው የገደለ የተፈጥሮ አደጋ ነው። ክላይን ራሱ ነፍሰ ጡር ሚስቱን አጣ። ግንቡ የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1902 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። ሂውስተን ዘመድ ያላችሁ አንባቢያን፣ ያቺ ከተማ ለመግነኗ አንዱ ምክንያት የጋልቬስተን መውደቅ መሆኑን አስታውሱ።

«ያ እኮ ድሮ ነው» እንዳትሉኝ። ኖቬምበር 12 ቀን 1970 ያኔ ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል የነበረችውን ምድር የመታው ማዕበል ከ300 ሺህ ሰው በላይ ጨርሷል። ሃሪኬን የሚባለው ነፋስ በዚያ ስሙ ሳይክሎን ነው። ማስጠንቀቂያ አልጠፋም ነበር፤ ለገበሬውና ለዓሣ አጥማጁ በሚገባው መንገድ አልደረሰውም እንጂ። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠው መንግሥትም ለእርዳታ ዘገየ። በወሩ ምርጫ ሲደረግ የሼክ ሙጂቡር ራህማን ፓርቲ ከምሥራቁ 162 መቀመጫዎች 160ውን ወሰደ። በ1971 ከመራራ ጦርነት በኋላ ባንግላዴሽ ነፃ አገር ሆነች። ቂሙ የቆየ ቢሆንም ማዕበሉ አባብሶታል።

አዲሲቱ አገር ታዲያ አንድ ብልህ ነገር አደረገች። ከቀይ መስቀል ጋር ሆና በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አደራጀች፤ ባንዲራ የሚሰቅሉ፣ በድምፅ ማጉያ የሚለፍፉ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ። መጠለያም ተሠራ። ወዲያው ሁሉም ነገር አልተስተካከለም፤ በ1991 ወደ 138 ሺህ ሰው አልቋል። ሥራው ግን አልቆመም። በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ ሳይክሎን ሲመጣ ሟቹ 3,400 አካባቢ ነበር። በ2020 ለአምፋን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ከመንገዱ ወጣ፤ በአገሪቱ የሞተው በአሥሮች የሚቆጠር ሆነ። እርግጥ ማዕበሎቹ እኩል አይደሉም። ቢሆንም ልዩነቱን ሁሉ ለነፋሱ መስጠት አይቻልም።

እኔ ከሁሉም የሚገርመኝ የአስጠንቃቂዎቹ ማንነት ነው። ሳተላይቱና ራዲዮው አሉ፤ በሩን የሚያንኳኳው ግን የጎረቤት ልጅ ነው። አሮጊቷ ላሟን ትታ የምትወጣው እሱን ስለምታውቀው ነው። ጋልቬስተን የሚያውቀውን ንቆ የሚሾመውን አመነ፤ ባንግላዴሽ ሹሙንና ጎረቤቱን አገናኘች። እናንተስ? ክፉ ቀን ሲመጣ ደጃችሁን አንኳኩቶ «ውጡ» ቢላችሁ የምትወጡለት ሰው ማን ነው?