የተዘጋ ሂሳብ፣ ያልተፈታ ቁራኛ፦ የዕዳ ትዝታ በዋግ ኽምራ



የዛሬው ንግግሬ ከአንድ ተራ ጥያቄ ይነሣል። ተከፍሎ ያለቀ ዕዳ ወዴት ይሄዳል? ጥያቄው የባንክ ባለሙያ እንጂ የታሪክ መምህር ጥያቄ አይመስልም። እኔን ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ ግን የአባቴ ሣጥን ነው። አባቴ በንጉሡ ዘመን የከፈለበትን የግብር ደረሰኝ በጨርቅ ጠቅልሎ ያኖር ነበር። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላም አልጣለውም። ለምን እንደሚያኖረው ስጠይቀው «ከፍዬበታለሁ፤ ማን ያውቃል» ይለኝ ነበር። በዚያች አጭር መልስ ውስጥ የከፋይ ሰው ሥጋት ሁሉ አለ፦ መክፈሌን ከእኔ በቀር የሚያስታውስ ባይኖርስ?

አባቶቻችን ለዚህ ሥጋት የነበራቸውን መልስ ቋንቋችን ዛሬም ይዞታል። አንድን ሰው በጥብቅ ስንከታተል «በዓይነ ቁራኛ እንጠብቀዋለን» እንላለን። ቁራኛ በጥንቱ የፍርድ ሥርዓት አበዳሪና ተበዳሪ፣ ወይም ከሳሽና ተከሳሽ፣ ጉዳያቸው እልባት እስኪያገኝ ድረስ አንድ ላይ የሚታሰሩበት ልማድ ነበር። የውጭ አገር ተጓዦች በሰንሰለት የተቆራኙ ሰዎችን አይተው ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍም አንሥተዋል። ሥርዓቱ የሰውን ክብር የሚነካ ስለ ነበር ልንናፍቀው አይገባም። አንድ ጠባዩን ግን ልብ እንበል። ዕዳው ሲከፈል ወይም ዋስ ሲጠራ ሰንሰለቱ ይፈታል፤ መፈታቱንም አገር ያያል። የሂሳብ መዘጋት በአደባባይ የሚፈጸም ድርጊት ነበር።

ሰቆጣን በመሰለ የገበያ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከአፋር የጨው ሜዳ የሚወጣው አሞሌ ወደ ላስታና ወደ መሐል አገር ከሚሻገርባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ሰቆጣ ነበረች። የሲራራ ንግድ ያለ እምነት አይንቀሳቀስም፤ እምነት ደግሞ ያለ ትዝታ አይቆምም። ማን በሰዓቱ እንደ ከፈለ፣ ማን ዋሱን እንዳስያዘ፣ የሚያውቀው ገበያተኛው ነው። መዝገቡ የሰው ልብ ነበር ማለት ነው።

የዚህ መዝገብ ድክመት የታየው ሰው ሲበተን ነው። ዋግ በክፉ ቀን ዘመን የከብት እልቂትና ረሃብ ከጎዳቸው የሰሜን አገሮች አንዱ ነው። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ፣ ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር አውራጃ ሳለ፣ ዳግመኛ ተመታ። በዚያው ሰሞን የደርግ መንግሥት ከወሎ ብዙ ሕዝብ አንሥቶ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቡርና ወደ ሌሎችም ቦታዎች አሰፈረ። ሰፋሪው ልጆቹንና ጥቂት ዕቃ ይዞ ሄዷል። «እገሌ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው» የሚለውን ምስክርነት ግን ይዞ ሊሄድ አልቻለም፤ መስካሪዎቹ ወይ ሞተዋል፣ ወይ ሌላ ጣቢያ ሰፍረዋል። ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመው ስም በአንድ ጉዞ ዜሮ ሆነ።

ወረቀት ይህን ይፈውሳል የተባለው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ በአጭሩ አብቁተ የሚለው፣ ከአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት ጉያ ወጥቶ በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ አገኘ። አሠራሩ የቆየውን ዋስትና ከአዲሱ መዝገብ ጋር ያጋባ ነበር። ማስያዣ የሌላቸው ጎረቤታሞች በቡድን ይሆናሉ፤ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ትንሽ ብድር በወግ የከፈለ ከፍ ያለውን ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ በገጠር የምትኖር እናት ፍየል አርብታ ወይም ጠላ ጠምቃ የመለሰችው ገንዘብ በስሟ ተጻፈ።

አሁን አንዲት እንዲህ ያለች እናት እናስብ። አምስት ጊዜ ተበድራ አምስት ጊዜ ከፈለች፤ ከዚያ «ይበቃኛል» ብላ ሂሳቧን ዘጋች። ጎረቤቷ ደግሞ ሦስት ጊዜ ከፍላ፣ በአራተኛው በሬዋ ሞተና ዘገየች። ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለቱም እንደ ገና ብድር ቢጠይቁ ማን ይታመናል? የመጀመሪያዋ መዝገብ በአንድ ቅርንጫፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ከቀረ እንደ አዲስ ሰው ትቆጠራለች። የሁለተኛዋ ውዝፍ ግን የሚፈለግ ገንዘብ ስለሆነ ከዝርዝር ወደ ዝርዝር ይገለበጣል። አበዳሪ ያልተከፈለውን ለማስታወስ ምክንያት አለው፤ የተከፈለውን ለማስታወስ ግን የሚያስገድደው የለም። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

በሌላው ዓለም ይህን አለመመጣጠን በሕግና በልማድ ለማረቅ ተሞክሯል። የብድር ነጥብ ማለት ሰው ወደ ፊት ይከፍል እንደ ሆነ ካለፈ ታሪኩ ተነሥቶ በቁጥር መገመት ነው። በአሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው የብድር መረጃ ሕግ አብዛኛው መጥፎ መረጃ ከሰባት ዓመት በኋላ ከመዝገብ እንዲወጣ ያዛል። በወግ ተከፍሎ የተዘጋ ሂሳብ ግን በመረጃ ድርጅቶቹ ልማድ እስከ አሥር ዓመት ይቆያል፤ ለባለቤቱም ይመሰክራል። በዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን በሕይወታቸው ያውቁታል። ከአገሩ መልካም ስም ይዞ የሄደ ሰው እዚያ ሲደርስ ፋይሉ ባዶ ነው፤ ለዓመታት ያላጓደለው የዕቁብ ክፍያም አይቆጠርለትም። የመተከሉ ሰፋሪ ዕጣ በአውሮፕላን ተሳፍሮ እንደ ሄደ ቁጠሩት።

ወደ አገራችን እንመለስ። በብሔራዊ ባንክ ሥር ያለው የብድር መረጃ ሥርዓት ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በኮምፒዩተር መረብ ይሠራል፤ ተበዳሪው ሲለይ የቆየውም በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ነው። በ2014 ዓ.ም. የጀመረው የቴሌብር መላ ብድር ደግሞ ነጥብ የሚሰጠው የደንበኛውን የስልክ ገንዘብ እንቅስቃሴ አይቶ ነው። አብቁተም በ2015 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። መዝገቡ ከገበያተኛው ልብ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ማሽን ተሸጋገረ። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ «የትኛው የተዘጋ ሂሳብ ይሻገራል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለዋግ ይህ ጥያቄ የዕለት ኑሮ ጥያቄ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰቆጣ ገባ። ሕዝብ ተፈናቀለ፤ በክልሉ ብዙ ቢሮዎችና የገንዘብ ተቋማት ተዘረፉ። በእነዚያ ወራት ያልተከፈለ ወርኃዊ ክፍያ በመዝገብ ላይ «ዘግይቷል» ተብሎ ይነበባል። ማሽኑ ቀኑን ያውቃል፤ በዚያ ቀን የሆነውን አያውቅም። አንድ ሰነድ የተጻፈበትን ዘመን ሳያውቁ ማንበብ ስሕተት እንደሆነ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችን የምናስተምረው ትምህርት ለብድር መዝገብም ይሠራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በወግ የተዘጋ ሂሳብ የተበዳሪው ሀብት ነውና ተቋም ሲለወጥም ሆነ ሥርዓት ሲዘምን አብሮ ይሻገር። ሁለተኛ፣ ያረጀ ጥፋት ማብቂያ ይኑረው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጠቅላላው የውል መብት ጥያቄን ከአሥር ዓመት በኋላ በይርጋ ያግዳል፤ ሕግ ራሱ ለትዝታ ወሰን ካበጀ፣ ነጥብ ሰጪው ማሽን ወሰን የለሽ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ሦስተኛ፣ በድርቅና በጦርነት የዘገየ ክፍያ ምክንያቱ አብሮት ይመዝገብ።

ከዋግ ለመጣችሁ እንግዶቻችን ደግሞ እንደ ወንድም አንድ ምክር ልጨምር። ብድር ከፍላችሁ ስትጨርሱ ማኅተም ያለበት የዕዳ ነጻ ማረጋገጫ ሳትይዙ ከቅርንጫፉ አትውጡ። ቅጂውንም ከመሬት ደብተራችሁ ጋር አኑሩት። አባቴ በጨርቅ የጠቀለለው ደረሰኝ ለአንድም ጉዳይ ሳያገለግል ቀረ። ሆኖም መክፈሉን የሚመሰክር ከዚያ ወረቀት በቀር ሌላ አልነበረውም።