ጉልበቱን ማን ይመስክር?

ዊልሞት ክሮዚየር በአሜሪካዋ ነብራስካ ግዛት የሚኖር ገበሬ ነበር። በ1910ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፎርድ የሚል ስም ያለው ትራክተር ገዛ። ትራክተሩ ግን የዝነኛው የሄንሪ ፎርድ ሥራ አልነበረም። ሚኒያፖሊስ ያለ አንድ ኩባንያ ፎርድ የሚባል ሠራተኛ ይዞ በዚያ ስም ይነግድ ነበር። ማሽኑ እርሻ ላይ ወጥቶ ተሰባበረ፤ ምትኩም የተሻለ አልሆነም። ክሮዚየር ከዚያ በኋላ ሩምሊ ኦይልፑል የሚባለውን ገዛ፤ ይኼኛው ደግሞ ከተባለለት በላይ ሠራ። ገበሬው የግዛቱ ምክር ቤት አባል ሲሆን ይህንኑ ጉዳይ ይዞ ገባ፦ ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣበትን የፈረስ ጉልበት ከሻጩ በቀር ማን ይመስክርለት?

መልሱ በ1919 ሕግ ሆኖ ወጣ። ነብራስካ ውስጥ የሚሸጥ ማንኛውም የትራክተር ሞዴል ሊንከን በሚገኘው የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ እንዲፈተን፣ ሻጩም መለዋወጫ የሚገኝበት ጣቢያ በግዛቱ ውስጥ እንዲያቆም ታዘዘ። በ1920 ጸደይ ከሁሉ ቀድሞ ተፈትኖ ያለፈው ዋተርሉ ቦይ ሞዴል ኤን ነበር። ፈተናው ሁለት ነገር ይለካ ነበር፦ ሞተሩ በቀበቶ የሚሰጠውን ጉልበትና ትራክተሩ በኋላ መጎተቻው የሚስበውን። ሁለተኛው ቁጥር ምንጊዜም ከመጀመሪያው ያንሳል፤ በማርሹና በሚንሸራተተው ጎማ መካከል የሚባክነው ብዙ ነውና። ለገበሬው እንጀራ የሚሆነው ግን ይኸው ሁለተኛው ነው።

ዩኒቨርሲቲው በመሣሪያ ሲለካ፣ መንደሩም የራሱን ሚዛን አቆመ። የማን ፈረስ ይበልጣል የሚለው ፉክክር ከትራክተር በፊት የነበረ ነው። በ1929 በሚዙሪ ቦውሊንግ ግሪንና በኦሃዮ ቮንስቪል ፈረሱ በሞተር ተተካና የትራክተር ጉተታ ውድድር ተጀመረ። በኋላ ላይ የተለመደው አጎታተት ለማየት የሚያስፈራ ነበር። ትራክተሩ ከወፍራም ሳንቃ የተሠራ ስሌድ መሬት ለመሬት እየጎተተ ይሄዳል። በመስመሩ ዳር ሰዎች ተራርቀው ቆመዋል፤ ስሌዱ አጠገባቸው ሲደርስ አንድ በአንድ ይወጡበታል። ስለዚህ በየጥቂት ሜትሩ አንድ ሰው ይጨመራል፣ ጭነቱም ይከብዳል። በመጨረሻ ሞተሩ አቃስቶ ቀጥ ይላል ወይም ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ክብደቱ ሰው ስለነበረ ትራክተሩ በፍጥነት እንዲሄድ አይፈቀድም ነበር፤ እየሮጠ ያለ ሳንቃ ላይ መዝለል እግር ይሰብራል። በኋላ የመጣው ባለጎማ ስሌድ ሰውን ከዚህ አደጋ አወጣው። ከባዱ የብረት ሣጥን ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ሆኖ ይነሳና ጉተታው ሲቀጥል ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ የስሌዱ የፊት ወለል አፈሩን እየጫነ ይነክሳል። 300 ጫማ፣ ማለትም ወደ 91 ሜትር፣ ሳይቆም የጎተተ ሙሉ ጎተተ ይባላል። ለረጅም ጊዜ ደንቡ በየቦታው የተለያየ ነበር። በ1969 ከስምንት ግዛቶች የመጡ ተወካዮች ተሰብስበው ብሔራዊ የትራክተር ጎታቾች ማኅበርን ሲመሠርቱ ነው አንድ ወጥ ደንብ የመጣው።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ፤ የዚህ ታሪክ ጥፍጥናው እዚያ ነውና። ምሳሌ የማደርገው ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ከ1939 እስከ 1952 የሠራውን ቀዩን ፋርሞል ኤም ነው። ከ250,000 በላይ ስለተመረተ ዛሬም በውድድር ሜዳ ላይ ሞልቷል። ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 98 ሚሊ ሜትር ግድም፣ የፒስተኑ ምልልስ 133 ሚሊ ሜትር፣ ይዘቱ ከ4 ሊትር ጥቂት ያልፋል። በደቂቃ 1,450 ጊዜ ብቻ እየዞረ ወደ 40 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ዛሬ በዚህ ይዘት የሚሠራ ሞተር ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚያወጣ ቁጥሩ ያንሳል። ያነሰው ግን መሐንዲሶቹ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የዘመኑ ነዳጅ ደካማ ነበር፤ ብዙ ገበሬ ሞተሩን በቤንዚን አስነስቶ ሲሞቅ ወደ ርካሹ ላምባ ያዞረው ነበር። ላምባ ደግሞ በጣም ሲታመቅ ካንዴላው ሳይተኩስ በራሱ ይቀጣጠላል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይበሳል። ስለዚህ ፋብሪካው እመቃውን ዝቅ አድርጎ ብዙ ጉልበት ሳይነካው ተወ።

ያንን የተተወ ጉልበት ለማውጣት መንገዱን የከፈተው ለደጋ አገር የተሠራ ዕቃ ነው። ይህን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከማንም በላይ ይረዳዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በጫማ ሲለካ 8,000 ይጠጋል። በዚህ ከፍታ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጂቡቲ ወደብ ላይ የነበረውን ጉልበት ይዞ እዚህ አይደርስም። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ለእንዲህ ያለ አገር አናታቸው ጉብ ያለ፣ አንዱ ለ5,000 ሌላው ለ8,000 ጫማ የታሰቡ ፒስተኖች ያቀርብ ነበር። ጉብታው አየሩ የሚታመቅበትን ክፍተት ያጠባል፤ በዚህም የሳሳው አየር ይካካሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሻለ ቤንዚን ገበያ ላይ ሲውል ቆላ ያለው ገበሬ ነገሩ ገባው። የደጋውን ፒስተን አውርዶ በኢሊኖይና በኦሃዮ ሜዳ ላይ ባለ ትራክተር ውስጥ ከተተው። ወፍራም አየር፣ ጠባብ ክፍተት፣ ጥሩ ቤንዚን፤ የትራክተሩ ጉልበት ከበፊቱ ጨመረ።

አንከር በምትባል የኢሊኖይ ትንሽ ከተማ የነበረው ኤም ኤንድ ደብሊው ጊር የተባለ ኩባንያ ደግሞ ሰፋ ያለ ፒስተን ከነካሚቻው ለገበሬው ይሸጥ ነበር። በፋርሞል ኤም ውስጥ 4 ኢንች ስፋት ያለው ፒስተን ሲገባ የሞተሩ ይዘት ከ4.06 ወደ 4.33 ሊትር ያድጋል። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ራሱ በ1952 ባወጣው ሱፐር ኤም ላይ ያደረገው ይህንኑ 4 ኢንች ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ዛሬ አሮጌ ትራክተር ለውድድር የሚያጎለብት ሰው የሚሠራው ሥራ መሠረቱ እርሻ ላይ የተጣለ ነው። አባቶቹ ብዙ ሄክታር ለማረስ የፈለሰፉትን ዘዴ ነው ለሜዳሊያ የሚጠቀምበት።

እርግጥ ተወዳዳሪው በዚያ አላቆመም። ሲሊንደሩን ይበልጥ ያሰፋል። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ በሆነው ኮሎ ላይ ብረት አስበይዶ ክንዱን ከመሃል ራቅ አድርጎ ያስቀርጻል፤ ይህ የፒስተኑን ምልልስ ያስረዝማል። ቴስታታውን ይልጋል፣ የቫልቩን መግቢያ ያሰፋል፣ ቫልቩ ከፍ ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲከፈት ካሙን ይለውጣል፣ ትልቅ ካርቡሬተር ይገጥማል። ይህ ሁሉ የሚያሳድገው የማዞር ኃይልን ነው። ጉልበት ግን የማዞር ኃይልና የዙር ፍጥነት ብዜት ስለሆነ፣ ምንም ብረት ሳይነኩ የዙር መቆጣጠሪያውን ሞላ በማጥበቅ ብቻ ተጨማሪ ጉልበት ይገኛል። ርካሹ መንገድ ይኸው ነው፤ ገዳዩም እርሱ ነው።

ምክንያቱ ቮላኖው ነው። በእነዚህ አሮጌ ትራክተሮች ላይ ያለው ቮላኖ ቀልጦ ከተቀዳ ብረት የተሠራ ከባድ መንኮራኩር ነው። መንኮራኩሩን ወደ ውጭ የሚስበው ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል፦ ለ1,450 ዙር የተሠራውን በ2,900 ብታዞረው ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ያለ ብረት ደግሞ ሊሰበር ሲል አይለጠጥም፣ አይጎብጥም፤ በድንገት ይፈነዳል። ነጂው የተቀመጠው ከቮላኖው ብዙም ሳይርቅ ነው። ስለዚህ ደንቦቹ የዙር ጣሪያ ያበጃሉ፣ ቮላኖና ፍሪሲዮን በብረት መከለያ እንዲሸፈን ያዛሉ። ከትራክተሩ ጀርባ የሚገጠመው ማጥፊያ ደግሞ በገመድ ከስሌዱ ጋር ይታሰራል፤ ትራክተሩ ከስሌዱ ከተላቀቀ ገመዱ ማጥፊያውን ነቅሎ ሞተሩን ጸጥ ያደርገዋል። እነዚህን ደንቦች ከልክ እንዳለፈ ጥንቃቄ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም፤ ባለቤቱን በሕይወት የማያቆይ ጉልበት ጉልበት ሊባል አይገባም።

ለነገሩ ጎማው መሬቱን ካልያዘ ጉልበት ከንቱ ነው። የጎማ ነፋስ መጠን፣ የመጎተቻው ከፍታ፣ ከፊት የሚሰቀለው ክብደት ብዙ ጊዜ ከሞተሩ በላይ ውድድር ይወስናሉ። የፊት ጎማው ከመሬት ጥቂት ተነስቶ ሲሄድ ክብደቱ በኋላ ጎማው ላይ አርፏል ማለት ነው፤ በጣም ከተነሳ ግን ትራክተሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል።

በ1970ዎቹ ስፖርቱ ሁለት መንገድ ያዘ። የኦሃዮዎቹ ወንድማማቾች ካርልና ፖል ቦሲ የብዙ ሞተር ጉልበት በአንድ ዘንግ የሚያስተላልፍ የማርሽ ሣጥን ካስተዋወቁ ወዲህ የአውሮፕላን ሞተር ሳይቀር የተደረደረባቸው፣ ማሳ ገብተው የማያውቁ ማሽኖች መጡ። የሚያስደንቁ ናቸው። እሁድ የጎተተ ሰኞ ያርሳል የሚለው የድሮ አባባል ግን ከእነርሱ ጋር አይሄድም። አባባሉ የሚሠራው በአሮጌ ትራክተሮች ምድብ ነው። እዚያ ክብደት በምድብ ይለያል፣ ብዙ ጊዜ የእርምጃ ያህል ብቻ ፍጥነት ይፈቀዳል፣ ሜዳ ላይ የሚቀርበውም አንድ ጊዜ ቤተሰብ ያበላ ማሽን ነው። በእኔ ሚዛን የስፖርቱ ልብ ያለው እዚህ ነው።

በኮሎምበስና በሌሎች የኦሃዮ ከተሞች የምትኖሩ ወገኖቼ ይህን ለማየት ቅርብ ናችሁ። ግዛታችሁ ውስጥ ባለው ሌላኛው ቦውሊንግ ግሪን ከ1967 ጀምሮ በየነሐሴው ብሔራዊው ውድድር ይካሄዳል፤ በበጋ በየካውንቲው በሚደረጉ የገበሬ ትርዒቶች ላይም የአሮጌ ትራክተሮች ምድብ አይጠፋም። ለልጆቻችሁ የጆሮ መከለያ ያዙላቸው። ውድድሩ ሳይጀመር ተራ ከሚጠብቁት ትራክተሮች አጠገብ ሂዱና አንዱን ባለቤት ፒስተኑ የስንት ጫማ ከፍታ እንደሆነ፣ ቮላኖውስ በምን እንደተከለለ ጠይቁት።