የአውቶሞቢል ፍሬን የማስቀየሪያ ወጪና የማዘግየት ዋጋ

የአንድ መካከለኛ አውቶሞቢል ፍሬን ለማስቀየር የሚወጣው ገንዘብ በመለዋወጫ ዋጋ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሥራው በወቅቱ ሲከናወን ወጪው በአንድ ጥንድ ሸራና በባለሙያ ክፍያ ይጠናቀቃል። ሲዘገይ ግን ሌሎች ክፍሎችንም ስለሚያበላሽ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊያድግ ይችላል። በመሆኑም ተሽከርካሪ የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች የወጪውን ዝርዝር ጠንቅቀው ማወቃቸው ለበጀትም ሆነ ለሰው ሕይወት ደኅንነት ጠቃሚ ነው።

በአገራችን በስፋት አገልግሎት ላይ ከሚገኙት አውቶሞቢሎች አንዱ ቶዮታ ኮሮላ ነው። በበርካታ የቀድሞ ሞዴሎቹ የፊት ጎማዎች በዲስክ፣ የኋላዎቹ ደግሞ በታምቡር ይቆማሉ። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያደላ ከጫናው የሚበዛውን የፊት ፍሬኖች ይሸከማሉ። የፊት ሸራ ከኋላው ቀድሞ የሚያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

የወጪው ደረጃዎች

አዲስ የዲስክ ሸራ በአብዛኛው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ እንዲቀየር ይመከራል። በዚህ ደረጃ የሚያስፈልገው የሸራ ግዢና የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ሸራ ምንጊዜም በግራና በቀኝ በአንድነት መቀየር ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል።

ሸራው ፈጽሞ ካለቀ የብረት መደቡ ዲስኩን መፋቅ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ዲስኩን በቶርኖ ማስተካከል ወይም በአዲስ መተካት የግድ ይሆናል። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከዚያ በታች የሳሳ ዲስክ በቶርኖ ተስተካክሎ ዳግም ሊገጠም አይገባም።

ሦስተኛው ደረጃ ጉዳቱ ወደ ካሊፐር፣ ወደ ጎማ ሲሊንደርና ወደ ዘይት ቱቦ ሲሸጋገር የሚከሰት ነው። ዘይት የነካው ሸራ ገና ውፍረት ቢኖረውም ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

የዋጋ ንረቱ መነሻ

የፍሬን መለዋወጫዎች በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋቸው ከውጭ ምንዛሪ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 1 የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለምሳሌ በ50 ዶላር የሚገዛ መለዋወጫ በ57 ብር ሲሰላ 2 ሺህ 850 ብር፣ በ120 ብር ሲሰላ ደግሞ 6 ሺህ ብር ይሆናል። ማጓጓዣ፣ ቀረጥ፣ የነጋዴው ትርፍና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከዚህ በላይ የሚታሰቡ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑም በእጅ ያሉትን መኪኖች ረዘም ላለ ጊዜ ጠግኖ መጠቀምን የግድ አድርጓል። በአንጻሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ፍጥነት ሲቀንሱ ሞተራቸው ራሱ ስለሚያግዝ የፍሬን ሸራቸው ቶሎ አያልቅም።

መልክዓ ምድርና የፍሬን ዘይት

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ ሸለቆ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቁልቁለቱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ መውረድ ሸራውን ያግላል፤ ዘይቱንም ሊያፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ አረፋ ስለሚፈጠር ፔዳሉ ሳይቋቋም እስከ ወለሉ ይወርዳል። ስለሆነም አሽከርካሪዎች በከባድ ማርሽ መውረድ ይጠበቅባቸዋል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በጊዜ ብዛት በቀላሉ የሚፈላ ይሆናል። የዶት 3 ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ መቆየት ይኖርበታል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ይህ መጠን ወደ 140 ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። በየ2 ዓመቱ ገደማ ማስቀየር የሚመከረውም ለዚህ ነው። ወጪው ከጠቅላላው የጥገና ዋጋ አነስተኛው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም እርሱው ነው።

የግዢ ጥያቄ ሲዘጋጅ

በፕሮፎርማ በሚፈጸም ግዢ «የፍሬን ሸራ» ብሎ ብቻ መጻፍ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ፣ ጥራቱ ግን ያልታወቀ ዕቃ እንዲያሸንፍ በር ይከፍታል። በጥያቄው የመኪናው ሞዴል፣ የተመረተበት ዓመት፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሸራው ዓይነትና የዋስትና ጊዜ መጠቀስ ይኖርባቸዋል። በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ገበያ ያገለገለ ዲስክ ሲገዛ ውፍረቱ ከመከፈሉ በፊት መለካት አለበት።

ጥገናው ሲጠናቀቅ የተነቀለውን አሮጌ ዕቃ መረከብ፣ ሥራው የተከናወነበትን ኪሎ ሜትር መመዝገብና መኪናውን በዝግታ ሞክሮ መቀበል ተገቢ ነው። አሽከርካሪው የሲጢጥታ ድምፅ፣ የመሪ መንቀጥቀጥ ወይም የፔዳል መላላት መኖሩን ሲያሳውቅ ለቀጣዩ በጀት ማቆየት አይገባም። ዛሬ በሸራ ዋጋ ሊዘጋ የሚችለው ጥያቄ ነገ የዲስክ፣ ከነገ ወዲያም የሰው ሕይወት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።