ከኡራን ሜዳ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፦ ማደሪያ የመምረጥ ታሪካችን

የኢዮቤልዩ ኮሚቴው ለዚህ መጽሔት ስለ ማኅበራችን የባሕር ዳርቻ ጉዞዎች እንድንጽፍ ሲያዘን መጀመሪያ ሳቅ አልን። ሽርሽርም ታሪክ ተብሎ ይጻፋል ወይ? የቆዩትን የስብሰባ ደብተሮች አውጥተን ስናገላብጥ ግን በየጉዞው ዋዜማ ረጅሙ ክርክር አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘነው፤ ሞምባሳ ስንደርስ የት እንደር? በዚህ ጥያቄ ላይ ገንዘብ፣ ጾም፣ የልጆች ደኅንነትና ከሁሉ በላይ በኪሳችን የያዝነው ወረቀት ሲነሳና ሲጣል ኖሯል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው።

ለብዙዎቻችን በኬንያ ምድር የመጀመሪያው ማደሪያ ላስቲክ የለበሰ ጎጆ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. (1991 እ.ኤ.አ.) የደርግ መንግሥት ሲወድቅ በሞያሌ በኩል ድንበር የተሻገረው ወታደር፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ተማሪና ቤተሰብ በኡራንና በሶሎሎ አካባቢ፣ ዋልዳ በተባለው የስደተኞች ካምፕ ሰፈረ። ቦታው ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙ አይርቅም። የአካባቢው ቦረናዎች ወዲያ ማዶ ካሉት ወገኖቻቸው ጋር አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ናቸውና፣ ኦሮምኛ የሚችል ከእኛ መካከል እንደ ባለሥልጣን ይታይ ነበር። እዚያ የማደሪያ ምርጫ ማለት ለውኃው ወረፋ የሚቀርብ፣ ነፋሱ ላስቲኩን የማይገነጥልበት ቦታ ማግኘት ነበር። በ1985 ዓ.ም. (1993 እ.ኤ.አ.) ዋልዳ ሲዘጋ ሕዝቡ በቱርካና ወዳለው ካኩማ ተዛወረ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ መንገድ ያገኘ በከብት ጭነት መኪና አናት ላይ ተሳፍሮ ናይሮቢ ገባ። ዛሬ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ አስፋልት ላይ የሚፈስሰው ወጣት ያንን አቧራ አያውቀውም፤ እንኳንም አላወቀው።

በዚህ መንገድ የመጣነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም. አካባቢ፣ በደቡብ በኩል የተሰደዱ አባቶቻችንን የእንግሊዝ ቅኝ መንግሥት መጀመሪያ ኢሲዮሎ፣ በኋላም ታቬታ አስፍሯቸው ነበር። ታቬታ ከናይሮቢ ይልቅ ለሞምባሳ የሚቀርብ ከተማ ነው። በዚያ ዘመን የባሕር ዳርቻዎቹ ሆቴሎች ለነጮች ብቻ የተከለሉ ስለነበሩ፣ የማደሪያ ምርጫ የሚባል ነገር ለእነርሱ አልተነሣም።

የባሕር ነገር ለእኛ ለሐበሾች ሌላም ቁስል አለው። ከመካከላችን በልጅነቱ ምፅዋን አይቶ፣ ጉርጉሱም ላይ ዋኝቶ ያደገ ሰው አለ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ አገራችን ባሕር በር የላትም። ስለዚህ አንድ አባላችን፣ ቀድሞ ባሕር ኃይል ያገለገሉ ሰው፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ሲሰሙ «ይህማ ቅርብ ነው፣ እንሂድ» አሉ። የመጀመሪያው ጉዟችን የተጸነሰው በዚህ ቃል ነው።

በዚያ ጉዞ የሆነውን ሳንሸፋፍን እንጽፈዋለን። ጊዜው የ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ከደሴቲቱ በስተ ሰሜን ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ስሙን አንጠቅስም፣ ለአሥራ ሁለት ቤተሰብ በስልክ ቦታ ያዝን። የኬንያ የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች ሁለት ዋጋ እንዳላቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዱ ለዜጋና ለነዋሪ፣ ሌላው ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ። እኛም በነዋሪ ዋጋ ተስማምተን ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘን ደረስን። የእንግዳ መቀበያዋ ወጣት በትሕትና መታወቂያ ጠየቀች። የሥራ ፈቃድና የነዋሪነት ወረቀት የነበራቸው ሦስት ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። የቀረነው የያዝነው የስደተኛ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤውን አገላብጣ አየችና ሥራ አስኪያጁን ጠራች። እርሱም ለእነዚህ የውጭ እንግዳ ዋጋ ነው፣ በዶላር ነው አለ። ሂሳቡ ሦስት እጥፍ ሆነ።

ልጆቹ የመዋኛ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የእናቷን ቀሚስ ስባ «እማዬ፣ እኛ ሬዚደንት ነን?» አለቻት። እናትየው ዝም አለች። ልጅቷ ናይሮቢ የተወለደች ናት።

ወረቀት ያላቸው ሦስቱ መቆየት ይችሉ ነበር፤ ቢቆዩም የሚቀየማቸው አልነበረም። ባሕር ኃይሉ ጋሼ ግን ሻንጣቸውን አንሥተው «አብረን መጣን፣ አብረን እንደር» አሉና ቀድመው ወጡ። ሁሉም ተከተላቸው። ያን ሌሊት በደሴቲቱ ውስጥ፣ አውቶቡሶች በሚቆሙበት በምዌምቤ ታያሪ አካባቢ፣ ቬንትሌተሩ ከሚያበርደው ይልቅ በሚጮህበት ርካሽ ማረፊያ አደርን። አጎበር ለልጆች ብቻ ደረሰ። ከተመለስን በኋላ ሁለት ሰዎች በወባ ተኙ።

ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ የጉዞ ኮሚቴ ስለ ባሕሩ ውበት ከመጠየቁ በፊት ስለ ወረቀት መጠየቅ ጀመረ። ከካምፕ ውጭ የሚንቀሳቀስ ስደተኛ የመዘዋወሪያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባ ስለነበረ፣ ጉዞው ላይ ከመወሰናችን በፊት የእያንዳንዱን ሰነድ እናይ ነበር። ለሆቴሉም አስቀድመን ዝርዝር ልከን፣ በየትኛው ዋጋ እንደሚቀበለን በጽሑፍ እናስመልስ ነበር። ይህ ልማድ ዛሬም አልቀረም።

ቀጥሎ የሚመጣው የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። ሞምባሳ ደሴት ናት። በሰሜን በኩል በ1980 እ.ኤ.አ. የተሠራው የንያሊ ድልድይ ወደ ንያሊና ባምቡሪ ያሻግራል፤ ወደ ደቡቡ ዲያኒ ለመሄድ ግን ለረጅም ዓመታት የሊኮኒን የመኪና ጀልባ መጠበቅ ግድ ነበር። የዲያኒ አሸዋ እንደ ዱቄት ነጭ መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ሚያዝያ 21 ቀን 1986 ዓ.ም. (1994 እ.ኤ.አ.) የምቶንግዌ ጀልባ ሰጥማ 270 የሚያህሉ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ እናቶቻችን ልጅ ይዘው በጀልባ መሻገርን አልፈቀዱም። ክርክሩ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በእናቶች ዝምታ ተዘጋ። ዛሬ በዶንጎ ኩንዱ በኩል ጀልባ ሳይነኩ ወደ ደቡብ የሚያደርስ መንገድ አለ፤ እኛ ግን ሰሜኑን ለምደን ቀረን።

ማሊንዲን ሁለት ጊዜ ሞክረናል። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳን ማርኮ የሮኬት ጣቢያ ጣሊያኖችን ወደዚያ ስቦ ነበርና፣ በየመንገዱ የሚታየው ጽሑፍ ጣሊያንኛ ነው። አባቶቻቸው ከጣሊያን ሸሽተው የተሰደዱባቸው አንድ አዛውንት «ቀድሞን መጥቶ ይጠብቀናል እኮ!» ብለው አሳቁን። ልጆቹ በበኩላቸው እንደ ቤታቸው ማካሮኒ በማግኘታቸው ከማሊንዲ የተሻለ ከተማ የለም ብለው ፈረዱ።

በመጨረሻ የጸናው ምርጫ ባምቡሪ ነው፤ ከሆቴል ይልቅ ወጥ ቤት ያለው ኮቴጅ። ምክንያቱ ምግብ ነው። ለጿሚ የሆቴል ቡፌ የገንዘብ ብክነት ነው። በኮቴጅ ግን ሽሯችንን ሠርተን፣ ከገበያ በኮኮናት የተሠራውን የእርግብ አተር ወጥ፣ ምባዚውን፣ ጨምረን እንበላለን፤ ስዋሂሎች ሳያውቁት የጾም ምግብ አዋቂዎች ናቸው። እንጀራ ከናይሮቢ ይዞ መሄድን ግን አንመክርም። በዚያ ሙቀትና እርጥበት በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ጤፉን ወይም ሊጡን ይዞ ሄዶ እዚያው መጋገር ይሻላል።

ሌላው ጥቅማችን የበዓላችን መዘግየት ነው። ሆቴሎቹ ዋጋ የሚሰቅሉት በፈረንጆች ገናና ፋሲካ ሰሞን ነው። የእኛ ገና ሲደርስ እንግዳው ወደ አገሩ ተመልሷል። ፋሲካችንም ብዙ ጊዜ ከእነርሱ በኋላ ስለሚውል ዋጋው የወረደበት ወቅት ይገጥመናል፤ ዝናቡን መቻል ነው እንጂ። ዋጋ በክፉ ምክንያት የወረደበትም ጊዜ አለ። ኅዳር 19 ቀን 1995 ዓ.ም. (2002 እ.ኤ.አ.) በኪካምባላ ሆቴል ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከ2007 እ.ኤ.አ. ምርጫ በኋላም ሁከት ሲነሣ፣ ጎብኚው ጠፍቶ ሆቴሎች ነዋሪውን ይለምኑ ነበር። እኛንም ጭምር።

ስለ ባሕሩ ራሱ ጋሼ ያስተማሩን አንድ ነገር አለ። ምፅዋ ላይ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ አንድ ሜትር ያህል ነው፤ ሞምባሳ ላይ እስከ አራት ሜትር ይደርሳል። ጠዋት በር ላይ የነበረው ውኃ ከሰዓት በኋላ እስከ ድንጋይ ዘሩ ይሸሻል። ስለዚህ ቀኑን ከመቁረጣችን በፊት የውኃውን ሰዓት እንጠይቃለን። ባምቡሪ የሃለር ፓርክም ቅርብ ነው። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. (2004 እ.ኤ.አ.) በጎርፍ ተወስዶ ባሕር ላይ ብቻውን የቀረው የጉማሬ ግልገል፣ ኦወን፣ እዚያ ከአንድ አሮጌ ኤሊ ጋር ተወዳጅቶ ነበር። ልጆቻችን «ስደተኛው ጉማሬ» ብለውት፣ ሬዚደንት ይሁን አይሁን ለረጅም ጊዜ ተከራከሩበት።

ግንቦት 23 ቀን 2009 ዓ.ም. (2017 እ.ኤ.አ.) አዲሱ ባቡር ከተመረቀ ወዲህ ጉዞው የግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም። ልጆቻችንም አድገው ቦታውን በስልካቸው ይዘው ይጠብቁናል። ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ ዛሬ የጉዞ ኮሚቴው ጸሐፊ ናት። ባለፈው ስብሰባ ላይ ወጣቶቹን ወክላ ያቀረበችው ሐሳብ ግን አስደነገጠን፤ የኢዮቤልዩው ጉዞ ወደ ባሕር ሳይሆን ወደ ሰሜን፣ ወደ ኡራንና ዋልዳ ይሁን አለች። ወላጆቻቸው ላስቲክ የወጠሩበትን ሜዳ ማየት ይፈልጋሉ።

አዛውንቶቹ ወዲያው ጠየቁ፤ እዚያ የት ይታደራል? ግማሹ ሶሎሎ ይሻላል ሲል ግማሹ ሞያሌ አለ። አንድ አባት ደግሞ ድንኳን እንያዝ ብለው ሚስታቸው በክርን ጎሰም አደረጓቸው። ጸሐፊያችን የሁሉንም ሐሳብ በደብተር ጻፈች፤ ከዚያም መታወቂያችሁን ኮፒ አድርጋችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ አምጡልኝ አለች።