በበሬ ቀንድ የተጓዘው ሽቶ

ጉንደ ወይን በግዕዝ «የወይን ግንድ» ማለት ነው። በዚያ በቢቸናና በሞጣ አገር «የድሮ ሽቶ ምን ነበር?» ብላችሁ እናቶችን ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ ተወቅጦ በቅቤ ለጠጉር የሚሆን አደስ፣ አሪቲ፣ ለዓመት በዓል ወለል ላይ የሚጎዘጎዝ ጠጅ ሳር፣ ዕቃ የሚታጠንበት ወይራ። እነዚህ ግን ከቤት አልወጡም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎጃምን አቋርጦ ዓለምን የዞረው ሽታ ሌላ ነው፤ ዝባድ።

ዝባድ የሚገኘው ከጥርኝ ነው። ወንዱ ጥርኝ ተይዞ ዞር ማለት እንኳ በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ቀፎ ይዘጋበታል። ሥጋና ገንፎ ይቀለባል፣ ምድጃ አጠገብ እንዲሞቀው ይደረጋል፤ በሳምንት በሁለት ሳምንቱ ከጭራው ሥር ያለው ቅባት በማንኪያ ተፍቆ ይወጣል። ቅባቱ በበሬ ቀንድ ውስጥ ታሽጎ ይሸጣል። ጥሬውን ያሸተተ አፍንጫውን ይይዛል። በአልኮል ሲቀጥን ግን ለሽቶ ሙቀት ይሰጠዋል፣ የአበባውንም መዓዛ ቶሎ እንዳይጠፋ ያቆየዋል። የአውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች የፈለጉትም ለዚህ ነው።

ቀንዱ የሚነሳው ከእናርያና ከሌሎቹ የጊቤ መንግሥታት ነበር። የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ (እ.ኤ.አ. 1825–1861) የበለጸገው በዚሁ የንግድ መስመር ነው። ነጋዴው ዓባይን ተሻግሮ ዛሬ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ባለችው የጁቤ፣ በባሶ ገበያ ያርፋል። ከዚያ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ምጽዋ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በባሶ ከዝባዱ፣ ከወርቁ፣ ከቡናውና ከዝሆን ጥርሱ ጎን ሰውም ይሸጥ ነበር። ስለ ሽቶው ኩራት አውርተን ስለዚህ ዝም ካልን ታሪክ አላወራንም።

በዚያው ዘመን በሌላው የዓለም ጫፍ ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ ጆሴፍ ቦዚስቶ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ከአገሩ ባህር ዛፍ ቅጠል ዘይት ማንጠር ጀመረ። በጠርሙስ አሸገና በስሙ ሸጠው። ያው ዛፍ በምኒልክ ጊዜ እኛም አገር ገባ፤ እኛ ግን ማገዶና የቤት ማገር አደረግነው። ዝባዳችንን ደግሞ ጥሬውን በቀንድ ላክን። ሲመለስ በጠርሙስ፣ በፈረንሳይ ስም፣ በሌላ ዋጋ ሆነ። የቡናችን ታሪክ ትዝ አላችሁ?

ጥሬ ብቻ የሚሸጥ ሰው ዕጣው በሌላ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ሩዚችካ የተባለ ኬሚስት የዝባዱን ዋና መዓዛ ምንነት አወቀ። ሰው ሠራሹ ቀስ በቀስ ቦታውን ወሰደ፤ ሻኔልም ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ የተፈጥሮውን መጠቀም መተዉን አስታውቋል።

ለጥርኙ እሰየው ነው፤ በቀፎ ይዘጋበት የሚል ከመካከላችን የለም። ቁጭታችን ሌላ ነው። አደሱም፣ አሪቲውም፣ ጠጅ ሳሩም ዛሬም አለ። ማንንም ሳናስር፣ ማንንም ሳንሸጥ ጠርሙስ ውስጥ ልናስገባው የምንችለው ሽታ እናቶቻችን ጓዳ ተቀምጦ እኛ የሰው አገር ሽቶ ዋጋ እንከራከራለን።