ከፍኖተ ሐሊብ ማዶ ያለው ምርምርና የእኛ ተማሪ

በኅዳር አጋማሽ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፥ ከምሽቱ በ3 ሰዓት ገደማ፥ ከሞላሌ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ በመንዝ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን አቅንቶ ሽቅብ ቢመለከት፥ በከዋክብቱ መካከል እንደ ቀጭን ጢስ የምትታይ አንዲት ጭላንጭል ያገኛል። እርስዋም አንድሮሜዳ የምትባለው ጋላክሲ ናት። በዚያው ሰዓት ወደ ደቡብ ቢመለስ፥ ተራራ ካልጋረደውና አየሩ ከጠራ፥ ከአድማሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ሌላ ፈዛዛ ነገር ያያል። ይኸኛው ታናሹ የማጄላን ደመና ይባላል። ስሙ ደመና ይባል እንጂ ደመና አይደለም። ሁለቱም እኛ ፍኖተ ሐሊብ ከምንለው የከዋክብት ጉባኤ ውጭ ያሉ፥ ራሳቸውን የቻሉ የከዋክብት ዓለማት ናቸው። የታናሹ ደመና ብርሃን ወደ እኛ እስኪደርስ 200,000 ዓመት ያህል፥ የአንድሮሜዳ ብርሃን ደግሞ 2,500,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

እንግዲህ ከመንዝ ወይም ከሌላው አገራችን ተነሥቶ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚማር ወጣት፥ የመጀመሪያ ዲግሪውን የመመረቂያ ጽሑፍ በእነዚህ ሩቅ ዓለማት ላይ ልሥራ ብሎ ቢነሣ፥ ብዙ ሰው «ታላቅ ቴሌስኮፕ በእጅህ ሳይኖር ምን ልትመረምር ነው?» ይለዋል። ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የዚህ ጥበብ ታሪክ ራሱ አስቀድሞ መልሶታል።

ሄንሪየታ ሌቪት በ1868 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያልተባለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር ከአንድ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ቤት ተወለደች። የሥነ ፈለክን ትምህርት የቀመሰችው በኮሌጅ በመጨረሻው ዓመቷ ነው። ከዚያም በካምብሪጅ ከተማ ወዳለው የሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ገባች፤ በኋላም በሰዓት 30 ሳንቲም እየተከፈላት ሠራች። በዚያ ዘመን ሴቶች በቴሌስኮፕ እንዲሠሩ አይፈቀድም ነበርና፥ ሥራዋ በመስታወት ላይ የታተመውን የሰማይ ፎቶግራፍ በአጉሊ መነጽር እያየች የከዋክብትን ብርሃን መለካት ነበረ። ፎቶግራፎቹም የተነሡት በሩቅ አገር፥ በፔሩ፥ በአሬኪፓ ከተማ ነው። ታናሹ የማጄላን ደመና ከካምብሪጅ አድማስ በላይ ከቶ አይወጣም። የመንዝ እረኛ ከበጎቹ አጠገብ ሆኖ የሚያየውን፥ እርስዋ በመስኮቷ ልታየው አትችልም ነበር።

ከዚያ መስታወት ያገኘችው ግን ዓለምን አሰፋ። በ1908 በሁለቱ የማጄላን ደመናዎች ውስጥ ብርሃናቸው የሚጨምርና የሚቀንስ 1,777 ከዋክብትን ቈጥራ አሳተመች። በ1912 ደግሞ በታናሹ ደመና ውስጥ ያሉትን 25 ከዋክብት መርምራ፥ ለመብራትና ለመፍዘዝ ብዙ ቀን የሚፈጅበት ኮከብ እውነተኛ ብርሃኑም የበለጠ መሆኑን አሳየች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በጨለማ ሜዳ ላይ የሚታይ ኩራዝ ምን ያህል ዘይትና ክር እንዳለው ያወቀ ሰው፥ ለዓይኑ ከሚታየው ድካም ርቀቱን ይገምታል። ሌቪት ለሰማይ ኩራዝ ይህን ልክ ሰጠችው። ጽሑፉ የወጣው በአለቃዋ ፊርማ ነው፤ እርሱ ግን ያዘጋጀችው ሌቪት መሆኗን በመጀመሪያው መስመር መስክሯል። ይህም ቢሆን ሁሉም አለቃ የሚያደርገው አይደለም።

ኤድዊን ሀብል በ1923 በዊልሰን ተራራ በነበረው ታላቅ ቴሌስኮፕ ከአንድሮሜዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮከብ አግኝቶ፥ ሌቪት በሰጠችው ልክ ርቀቱን አሰላ። አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ መሆኗም ተረጋገጠ፤ ይኸው በጥር 1 ቀን 1925 በዋሽንግተን በጉባኤ ተነበበ። ሌቪት ግን በ1921 ዐርፋ ነበር። የሀብል ቍጥር ዛሬ ከምናውቀው ከግማሽ ያነሰ ነበረ፤ የእነዚህ ከዋክብት ዓይነት ሁለት መሆኑ ገና አልታወቀምና።

ለካህናት አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንጨምር። እነዚህ ዓለማት እርስ በርሳቸው እየተራራቁ እንዲሄዱ አስልቶ በ1927 የጻፈው ዦርዥ ለሜትር የቤልጅግ ካቶሊክ ካህን ነበረ። ሊቀ ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ በ1951 ይህን ትምህርት ለፍጥረት ምስክር አድርገው ሲያነሡት፥ ለሜትር ደስ አላለውም። የሒሳቡን ነገር ከሃይማኖቱ ማስረጃ ጋር ማደባለቅ ሁለቱንም ይጐዳል ብሎ ያስብ ነበርና። እኔም በዚህ ከእርሱ ጋር ነኝ።

ዛሬ የተማሪው ነገር ከሌቪት ነገር ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ሌሎች በሩቅ አገር ያነሡት የሰማይ ሥዕልና የብርሃን ትንተና፥ ለምሳሌ ስሎን የሚባለው የሰማይ ቅኝት ያከማቸው፥ ለማንም ያለ ክፍያ ተከፍቶ ይገኛል። ተማሪው ከዚያ የአንዲት ጋላክሲን ብርሃን ይወስዳል። የሃይድሮጂን ቀይ መስመር በምድር ላይ በ656.3 ናኖሜትር የሚገኘው፥ በዚያች ጋላክሲ በ689.1 ላይ ቢገኝ፥ በመቶ 5 ያህል ተስቧል ማለት ነው። ይህም በሴኮንድ 15,000 ኪሎሜትር ያህል የመራቅ ፍጥነት ይሰጣል። ፍጥነቱን ለ70 ቢያካፍለው ርቀቱ ወደ 700 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይሆናል። ነገር ግን ያ 70 የተባለው ቍጥር ራሱ አልተቈረጠም፤ በአንዱ መንገድ የለኩት 67፥ በሌላው የለኩት 73 ያህል ይላሉ። ስለዚህ ተማሪው ርቀቱን ሲጽፍ የስሕተቱንም ወሰን አብሮ መጻፍ ይገባዋል። ይህን የተወ ጽሑፍ፥ ሥዕሉ የቱን ያህል ቢያምር፥ ምርምር አይባልም።

በባሕረ ሐሳብ ያደገ ሰው ይህ ሥራ አይከብደውም። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ገድፎ አበቅቴን የሚያወጣ ደቀ መዝሙር፥ ጨረቃ በእጁ ሳትኖር የጨረቃን ሌሊት ያውቃል፤ አበቅቴውና መጥቅዑም ሲደመሩ 30 ካልሞሉ ስሌቱን ተመልሶ ይመረምራል። ሆኖም አባቶቻችን ጋላክሲን ያውቁ ነበር የሚሉ ሰዎች ያጋንናሉ። በግእዝ ብቻ ምሉዕ ሆኖ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ መውጫ በሮች በሰፊው ይናገራል፤ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ስላሉ ዓለማት ግን አይናገርም። የጐደለውን ጐደለ ማለት የመጽሐፉን ክብር አይቀንስም።

በአገራችን መንገዱ ተጀምሯል። የኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስ ማኅበር በ1996 ዓ.ም. ተመሠረተ። በእንጦጦ ተራራ የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት መመልከቻ በ2007 ዓ.ም. ተመረቀ። በ2009 ዓ.ም. የተቋቋመው ኢንስቲትዩትም የከፍተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን አስተማረ። በዚያ የጋላክሲዎችን ምርምር ካስተማሩት አንዷ ሰርቢያዊቷ ሚርያና ፖቪች በ2021 የጆሴሊን ቤል በርኔልን ሜዳይ ከአውሮፓ የሥነ ፈለክ ማኅበር ተቀበለች። የአዲስ አበባ መብራት ለእንጦጦ ሰማይ መልካም ጎረቤት አይደለም፤ በመንዝ ግን ጨለማው ገና ጨለማ ነው።

በጥር ወር ታላቁ የማጄላን ደመና በምሽት ከደቡብ አድማስ በላይ ይቆማል። ከዚሁ ደመና ውስጥ የፈነዳ አንድ ኮከብ ብርሃኑ 160,000 ዓመት ያህል ተጕዞ ወደ ምድር የደረሰው በየካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም.፥ በኪዳነ ምሕረት በዓል ነው። ከብርሃኑ ቀድሞ ኒውትሪኖ የተባሉት ስውራን ቅንጣቶች በጃፓን በከርሠ ምድር በተሠራ የውኃ ገንዳ ውስጥ ተመዘገቡ፤ ሰዓቱም በእኛ ከጧቱ 4 ሰዓት ተኩል ያለፈ ነበረ። በዚያው ሌሊት በቺሌ ተራራ ላይ የሚሠራ ኢያን ሼልተን የሚባል ካናዳዊ ፎቶግራፉን አጥቦ አዲሱን ኮከብ ባየ ጊዜ፥ መስታወቱ ተበላሽቶ እንዳይሆን ተጠራጥሮ ወደ ውጭ ወጣና በዓይኑ አረጋገጠ።